ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የግቢውን አንጋፋዎች ትዝታ በድምፅ መቅረጽን ይመለከታል

በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ወደ የትም የማያደርሰውን ደረጃ የማያውቅ ተማሪ የለም። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. አንሥተው ለየዓመቱ አንዳንድ እርከን እየቆጠሩ አቆሙት፤ ከድል በኋላ ደግሞ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኛ ግን ፍሬሽማን ሳለን መቀጣጠሪያችን መሆኑን ብቻ ነበር የምናውቀው። ታሪኩን የነገሩን በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ያገለግሉ የነበሩ አንድ አባት ናቸው፤ የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ መጻሕፍቱን ከየጠረጴዛው እየሰበሰቡ፣ እያወጉን እስከ በሩ ይሸኙን ነበር። እኒህ አባት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ያን ሁሉ ወጋቸውንም የመዘገበው የለም።

ዩኒቨርሲቲው በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ሥራ ሲጀምር የነበሩት ተማሪዎች፣ ዛሬ ያሉቱ፣ ዘጠና ዓመት ገደማ ደርሰዋል ወይም አልፈዋል። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሲሰጥ ያዩት፣ በኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ግጥም ሲነበብ ያዳመጡት፣ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ወርደው ያስተማሩትም ቢሆኑ ዕድሜያቸው ገፍቷል። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገድሎ አስከሬኑ ግቢው ውስጥ ሳለ በተማሪዎች ላይ ስለተከፈተው ተኩስ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በአመዛኙ የትግሉ መሪዎች ትረካ ነው። የዚያን ዕለት ማዕድ ቤት ውስጥ የነበረችው ወጥ ሠሪ፣ በር ላይ የቆመው ዘበኛ፣ ፖለቲካ የማይገባው ባለ ዶርም ምን አዩ? (እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያጓጓኝ ይኼኛው ነው።)

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በኩል አንድ የድምፅ መዝገብ እንዲያስጀምር በትሕትና እጠይቃለሁ። ተቋሙ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን ቅርስ ሲሰበስብ የኖረ ስለሆነ ልምዱ አለው፤ ቀረጻውንም የታሪክና የፎክሎር ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ቢሠሩት ወጪው ይቀላል። ጥሪው ሲወጣ በዕድሜ የገፉትና ጡረታ የወጡ የድጋፍ ሠራተኞች እንዲቀድሙ፣ መምጣት ላልቻሉትም ቀራጮቹ ቤታቸው ድረስ እንዲሄዱ አሳስባለሁ። እኔም የማውቃቸውን ሦስት አረጋውያን አድራሻ ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የቀድሞ የስድስት ኪሎ ተማሪ