የልጆቹን ድምፅ አንድ በአንድ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2012

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚያ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ስልኩም ሰላምታ ሳንጨርስ ይቆረጣል። ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው ሳገኝ ጊዜ እስክሪብቶ አነሳሁ።

የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት እንዴት ሆነ ብለውኝ ነበር። ሜሪላንድም እናንተም ጋ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋው በዚያው በመጋቢት 7 ሳምንት ነው። እኛም አዳራሹን ዘግተን ዙም ላይ ገባን። እኔ የማውቀው የእርስዎን አስተማሪነት ነው። የላኩልኝን የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና "በሉ ተከተሉኝ፣ ሀ!" አልኩ።

አባባ፣ አልሆነም። ብዙ ሰው አብሮ ሲናገር ዙም የአንዱን ድምፅ አጉልቶ የሌላውን ያፍናል። የየቤቱ ኢንተርኔትም ፍጥነቱ ይለያያል። አንዱ "ሁ" ላይ እያለ ሌላው "ሄ" ደርሷል። ደሴ መንገድ ድረስ ይሰማ የነበረው የክፍልዎ ዜማ እዚህ ጫጫታ ሆነ። የሁሉንም ማይክ ዘጋሁት። አሥራ አራት ልጆች አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ለእኔ ምንም አይሰማኝም። በነጻ የሚሰጠው 40 ደቂቃ ሲያልቅ መስመሩ ጥርቅም አለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ሌላ መላ ዘየድኩ። እያንዳንዱ ልጅ ጥቂት ፊደልና አንድ ዓረፍተ ነገር በድምፁ ቀርጾ በቴሌግራም ይላክልኝ አልኩ። ማታ ማታ አንድ በአንድ እሰማለሁ።

አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ፤ ፊደሉን የጨረሰች ይመስለኝ ነበር። የላከችው ሹክሹክታ ነው። ከኋላ የልብስ መስቀያ ይንኳኳል። ለካ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ ነው! እናቷ አዛውንቶች መጦሪያ ሌሊቱን ሠርታ ገብታ ተኝታለች፤ ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው። "እማዬ ውሃ ከዳችልኝ" ትላለች፣ "ቀዳችልኝ" ለማለት። "ጠ"ም "ተ" ነው የሚሆንባት። ሁለት ዓመት ሙሉ በሌሎቹ ድምፅ ተሸፍና አፏን ብቻ ስታንቀሳቅስ ኖራለች። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ አላወቅኩም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ለብቻችን በየቀኑ አሥር ደቂቃ እንገናኛለን። አዳራሹ ቢከፈት ማስክ አድርጌ አፌን አታይም ነበር፤ እዚህ ግን ካሜራው ላይ አስጠግቼ አሳያታለሁ። ሁለታችንም ሶፍት አፋችን ፊት እንይዛለን። "ተ" ስንል ይርገበገባል። "ጠ" ስንል ጉሮሯችን ስለሚዘጋ ብዙም አይነቃነቅም። "ከ"ና "ቀ"ም እንደዚያው። የእሷ ሶፍት ለሳምንታት ሲርገበገብ ከረመ። ባለፈው ማክሰኞ ቀጥ አለ። "ቀ! ቀዳችልኝ!" ብላ ጮኸች፣ እናቷን ቀሰቀሰቻት። እናትየው ዓይኗን እያሸች መጥታ አቅፋ ሳመቻት።

አባባ፣ ልጠይቅዎ የፈለግሁት አንድ ነገር አለ። ስልሳ ልጅ ይዘው አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውን እንዴት ነበር የሚለዩት? ፊደል መጠቆሚያውን እንጨት ይዘው በመደዳዎቹ መሃል ሲመላለሱ፣ አንዳንዱ ልጅ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጆሮዎን ያስጠጉ ነበር። ያኔ ጆሮዎ የደከመ ይመስለኝ ነበር።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ከ"ቀ" እስከ "ቆ" በድምፅዎ ይላኩልኝ። ለልጅቷ ቃል ገብቼላታለሁ። የግፊት መድኃኒትዎን በዚሁ ሰው ልኬያለሁ። ገበያ ሲወጡ ማስክዎን አይርሱ።

ልጅዎ