«የማውሱ ሲዲ የታለ?» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከሱቃችን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሲስተም) የተጫነበት ኮምፒውተር የወሰዳችሁ፣ የደሴዎቹም የኮምቦልቻና የሐይቆቹም፣ አዲስ ማውስ ወይም ኪቦርድ ስትገዙ የድራይቨር ሲዲ፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ያለበትን ሲዲ፣ ትጠይቁናላችሁ። ሲዲ የለውም። ያስቀረንባችሁ ነገርም የለም። ሰክታችሁ መሥራት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የማውሱን ዓይነትና የተሰካበትን ቦታ አንድ ፋይል ላይ በእጅ መጻፍ የግድ ነበር። ፋይሉ ላይ ስህተት ካለ ስክሪኑ ጨርሶ እምቢ ሊል ይችላል። ስክሪኑን፣ ማውሱንና ኪቦርዱን የሚያስተናግደው ኤክስ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 1.4 እትሙ የተሰካን ዕቃ በራሱ መለየት ጀመረ፤ በ2010 ደግሞ በ1.8 እትሙ ላይ ይህን ሥራ ዩዴቭ የሚባለው ፕሮግራም ተረከበ።

ዛሬ ማውሱ ገና እንደተሰካ የአምራቹንና የሞዴሉን ቁጥር፣ ያሉትንም ቁልፎች ለከርነሉ፣ ማለትም ለሊኑክስ ዋና እምብርት፣ ያሳውቃል። ዩዴቭ ያንን አይቶ «ይሄ ማውስ ነው፣ ያ ኪቦርድ ነው» ብሎ ይመድበዋል። ከዚያ ሊብኢንፑት የሚባል ሌላ ፕሮግራም እንቅስቃሴውን ይረከባል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው እጃችሁን ከገመዱ ሳታነሱ ነው። ስለዚህ ለተራ ማውስ «ድራይቨር ልጫንላችሁ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን አትስሙት። የጌም ማውስ መብራትና ትርፍ ቁልፎች ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ሊፈልጉ ይችላሉ።

ሲስተሙ በራሱ የማያውቀው ቋንቋችሁን ነው። ኪቦርድ የሚልከው የቁልፍ ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። የአማርኛ ስቲከር ብትለጥፉበትም አማርኛ አይጽፍም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አማርኛን መጨመር ያስፈልጋል። እኛ በምንጭነው ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የዊንዶው ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትጫኑ ቋንቋው ይቀየራል።

ባለሱቆችና ባለ መድኃኒት ቤቶች፣ ይቺን ልብ በሉ። የባርኮድ ማንበቢያችሁን ሲስተሙ የሚያየው እንደ ኪቦርድ ነው። ኮዱን ያነብና ልክ ሰው በጣቱ እንደጻፈው አድርጎ ይልከዋል። ኮዱ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ካለና አማርኛው እንደበራ ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው የአማርኛ ፊደል ይደረደራል። ማሽኑ ተበላሸ ብላችሁ ይዛችሁት እንዳትመጡ! ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ እንደገና ስካን አድርጉ።

ክብ መሰኪያ ያላቸው፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀዳዳ ላይ የሚገቡት የድሮ ኪቦርዶችና ማውሶች ግን እንዲህ ኮምፒውተሩ እንደበራ እንዲሰኩ አልተሠሩም። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ አትንቀሉ፣ አትሰኩም። አጥፍታችሁ ሰክታችሁ አብሩት።

የላፕቶፑ ታችፓድ መታ ሲያደርጉት ካልሰማ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ሲስተም ላይ ጠፍቶ ነው የሚመጣ። ሴቲንግ ውስጥ ይበራል።

ማውስ ሰክታችሁ ቀስቷ ንቅንቅ ካላለች መጀመሪያ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፤ ማከፋፈያም ካለ አውጡት። ከሥሩ ቀዩ መብራት በራ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ መብራቱ የሚያሳየው ኃይል መድረሱን ብቻ ነው። መረጃ የሚያስተላልፈው ሽቦ ውስጥ ውስጡን ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሌላ ኮምፒውተር ላይም እምቢ ካለ ችግሩ የማውሱ ነው። ዋስትናው ካላለቀ አምጡት፣ እንቀይርላችኋለን።

ለዚህ ብላችሁ ግን መጀመሪያ ትራንስፖርት አታውጡ። ደውሉልን፤ አብዛኛው በስልክ ያልቃል።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ሽያጭና ጥገና ሱቃችሁ
ደሴ፣ ፒያሳ