«በስንተኛው ቀን ተለዩ?» የሚለውንም ጻፉልን

ክቡር አዘጋጅ፣

መሐል ሜዳ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ቢሆንም ከዳር እስከ ዳር ነው የማነበው። በቅርቡ ስለ ኩፍኝ ባወጣችሁት ዜና ውስጥ «ሕሙማኑ በለይቶ ማቆያ ይገኛሉ» የሚል አየሁ። ብዕር ያስነሳችኝ ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

ለይቶ ማቆያ የታመመ ሰው ቦታ አይደለም። የታመመው የሚገባው ለይቶ ማከሚያ ነው። ለይቶ ማቆያ፣ በኮሮና ጊዜ ወሸባ ያልነው፣ ከታመመ ሰው ጋር ለነበረና ገና ምንም ምልክት ላልታየበት ሰው ነው። ሰውዬው ተይዞ ይሆናል፤ ጭራሽ ጤነኛም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ስም ሲቀላቀል አንባቢው ሁለቱን ቤት ያቀላቅላል። ከዚያ ወሸባ ግባ የተባለ ጤነኛ ሰው «በሽተኛ መሀል ሊከቱኝ ነው» ብሎ ይሸሻል። ይህን በቤቴ አይቼዋለሁ።

ግንቦት 2012 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ከሱዳን በመተማ በኩል ተመለሰ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ከተገኘ ሁለት ወር አልፎት ነበር። መንገድ ላይ ባለ አንድ ለይቶ ማቆያ 14 ቀን እንዲቀመጥ ተደረገ። በየማታው እንደዋወላለን። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ስምንት ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ሁለት አዳዲስ ሰዎች መጡ። በ11ኛው ቀን ሌላ አንድ ተጨመረና ፍራሹ ከወንድሜ ፍራሽ ጋር ተገጠመ። በ14ኛው ቀን ወንድሜን «ጨርሰሃል» አሉት፤ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

«እታለም፣ ተገላገልኩ» ሲለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። 14 ቀን የሚቆጠረው ሰውዬው ሊያዝ ከሚችልበት ከመጨረሻዋ ቀን ተነስቶ ነው። ወንድሜ ከአዲሱ ሰው ጋር ማደር ከጀመረ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ስለዚህ ቆጠራው እንደገና ከአንድ መጀመር ነበረበት። አብሮ የመጣ አብሮ ቢቀመጥ፣ አዲስ ለመጣ ሌላ ክፍል ቢሰጥ ኖሮ፣ ያ 14 ቀን ትርጉም ይኖረው ነበር። በአንድ ክፍል እየተደራረቡ ሲገቡ ግን ጤነኛ የገባውም ታሞ ሊወጣ ይችላል።

እናታችን 70 አልፏታል። «ጭድ ቤት ልተኛ» ያለው ራሱ ወንድሜ ነው። ባናውን ተከናንቦ ሌላ 14 ቀን እዚያ አደረ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ እንጀራውን በሳህን ከድና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ታስቀምጥለታለች። ከዚያ ፈቀቅ ብላ ትቆማለች፤ በልቶ እስኪጨርስ ታየዋለች። ልጇን ከስንት ጊዜ በኋላ አግኝታው ሳትስመው ሁለት ሳምንት። ደግነቱ ማንም አልታመመም።

የሠፈራችን ሌላ ልጅ ከሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ መጣ። ስለ ክፍሉ ከወንድሜ በስልክ ሰምቷል። ወሸባ ሳይገባ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ዱር ዱሩን በሌሊት ቤቱ ገባ። አልፈርድበትም።

ይህን ታሪክ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ነግሬ በባቄላ እናሰላዋለን። አንድ ባቄላ አንድ ታማሚ ነው። ታማሚው ለ6 ቀን በሽታውን ያስተላልፋል፣ በሁለት ቀን አንድ ሰው ያስይዛል እንበል። ማንም ካልለየው ሦስት ሰው ያስይዛል ማለት ነው። ከ10 ባቄላ እንጀምራለን። ቀጥሎ 30፣ ቀጥሎ 90። በሦስተኛው ዙር 270 ሲያስፈልግ ያመጣነው ጣሳ ባዶ ሆነ። ልጆቹ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አሉ። በአምስተኛው ዙር 2,430 ይደርሳል።

አሁን ታማሚውን ማስተላለፍ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማብቂያ ላይ እንለየው። አንድ ሰው ተኩል ያስይዛል። በአምስተኛው ዙር አዲስ ታማሚዎቹ 76 ገደማ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ከለየነው አንድ ሰው ብቻ ስለሚያስይዝ 10ሩ እዚያው 10 ሆነው ይቀጥላሉ። በመጀመሪያው ቀን ከለየነው ግን 10ሩ 5 ይሆናሉ፤ እያሉ እያሉ ይጠፋሉ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ሐኪሙም ያው ነው። የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ቀጣዩ ስሌት ነው። ግማሾቹን በመጀመሪያው ቀን ለየናቸው፣ ግማሾቹ ግን ፈርተው ተደበቁ እንበል። የተለየው ግማሽ ሰው ያስይዛል፣ የተደበቀው ሦስት። አማካዩ 1.75 ነው። በአምስተኛው ዙር 164 ታማሚ! ሁሉንም አንድ ቀን ዘግይተን ብንለያቸው ይሻል ነበር። ሰው እንዳይደበቅ የሚያደርግ ንጹሕ ፍራሽ፣ ትኩስ ሾርባ፣ የለይቶ ማቆያ ሠራተኛ መልካም አንደበት፣ ስሌቱ ውስጥ የሚገቡ ቁጥሮች ናቸው። ያ ልጅ በሌሊት ሲገባ ቁጥሩን የቀየረው እሱ ብቻ አይደለም። ክፍሉን እንደዚያ ያደራጀው ሰውም ቀይሮታል።

የወረርሽኝ ስርጭት የሚሰላበት የትክክለኛው ሞዴል ቀመር ከባቄላው ይወሳሰባል። መሠረቱን የጣሉት ከርማክ እና ማክኬንድሪክ የሚባሉ ሁለት ስኮትላንዳውያን በ1927 እ.ኤ.አ. ነው። ሕዝቡን በሦስት ከፈሉት፤ ሊያዙ የሚችሉ፣ የተያዙ፣ ከበሽታው የወጡ። ወረርሽኝ የሚያበቃው ሊያዝ የሚችል ሰው ጨርሶ ሲጠፋ ሳይሆን ቁጥሩ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ መሆኑን አሳዩ። ከርማክ በ26 ዓመቱ በቤተ ሙከራ አደጋ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥቷል። ይህን ስነግራቸው ከኋላ ወንበር ያለ ሒሳብ የማይወድ ተማሪ ቀና ብሎ ያየኛል። ለይቶ ማቆያና ለይቶ ማከሚያ ከጊዜ በኋላ በዚሁ ሞዴል ላይ እንደ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች የተጨመሩ ናቸው። ሁለት ክፍሎች፤ አንድ ላይ አልተጻፉም።

ለምን ሁለት ሆኑ? በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተነሳው ሳርስ የተባለ የመተንፈሻ አካል በሽታ ወደ 8,000 ሰው ይዞ፣ ያለ ክትባት፣ በወራት ውስጥ ቆመ። የሳርስ ታማሚ በብዛት የሚያስተላልፈው ሕመሙ ከጠናበት በኋላ ስለሆነ የታመመውን ፈጥኖ መለየት ትልቅ ሥራ ሠራ። ፈንጣጣም ምልክቱ ፊት ላይ የሚወጣ በሽታ ነበር። በአገራችን የማጥፋት ዘመቻው በ1971 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የመጨረሻው ታማሚ በ1976 እ.ኤ.አ. የተገኘው፣ ታማሚውን ቤት ለቤት ፈልጎ እየለዩ ዙሪያውን በመከተብ ነው። ኮሮና ግን ምልክቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን አስቀድሞም ይተላለፋል። ወደ ባቄላችን እንመለስ። ሁለት ቀን ሳይታወቅ ካስተላለፈ፣ ባመመው ማግስት ብንለየው እንኳ ሦስት ቀን ሆነ፤ አንድ ሰው ተኩል አስያዘ። ስለዚህ የታመመውን ብቻ መለየት አያዋጣም። እነዚያ ሁለት ቀናት ሲመጡ ሰውዬው አስቀድሞ ለብቻው መሆን አለበት። የወሸባ ጥቅም ይኸው ነው።

ኩፍኝም እንዲሁ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ይጀምርና ከወጣ በኋላ 4 ቀን ይተላለፋል። ሽፍታውን አይተን ልጁን ስንለይ ግማሹ ጊዜ አልፏል። አንድ የኩፍኝ ታማሚ ማንም ባልተከተበበት ቦታ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ግማሹ እንኳ ቢቀነስ 6 ሰው ነው። በስሌቱ መሠረት በሽታው እንዲቆም ከ100 ሰው 92 እስከ 94 የሚሆነው መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ጤና ባለሙያዎቹ 95 ከመቶ ክትባት የሚሉት ለዚህ ነው። አያቴ ኩፍኝ ያልወጣለትን ልጅ «ልጅ አለኝ» ብላ አትቆጥርም ነበር፤ የልጅ ልጇ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ወረርሽኝ ስትዘግቡ «ይህን ያህል ታመሙ፣ ይህን ያህል ሞቱ» ብላችሁ አትተዉን። ሁለት ጥያቄ ጨምራችሁ ጠይቁልን። ታማሚዎቹ ምልክት ከታየባቸው በስንተኛው ቀን ተለዩ? ዛሬ ታመው ከተገኙት ውስጥ ስንቶቹ ቀድሞውኑ ለይቶ ማቆያ የነበሩ ናቸው? ከነዚህ ብዙዎቹ ከወሸባ ከሆኑ በሽታውን ቀድመነዋል። አዳዲሶቹ ሁሉ ከመንደርና ከገበያ ከሆኑ ግን የታማሚው ቁጥር ትንሽ ቢመስልም ቀድሞናል ማለት ነው።

ተማሪዎቼ የሠሩትን የባቄላ ሠንጠረዥ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ቁጥሩን ግን እኔው አርሜዋለሁ። ቦታ ካላችሁ አውጡላቸው።

የሒሳብ መምህርት
ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ