የስኳር ሕመምተኛን መምከርም ሥልጠና ይፈልጋል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ስኳር በሽታ በጋዜጣ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ መድኃኒት እጥረትና ስለ ዋጋው መናር ነው። ሊጻፍም ይገባል። እኔ ግን ሰሚ ያጣ የሚመስለኝን ሌላ ጉዳይ ላንሣ፤ ይኸውም የእኛ የባለሙያዎቹ አሠለጣጠን ነው።

በዓለም ላይ ካሉ የስኳር ሕመምተኞች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሁለተኛው ዓይነት ያለባቸው ናቸው። ይህ ሕመም ዕለት ተዕለት የሚታከመው እቤት ነው። ሕመምተኛው በቀጠሮው ቀን እኛ ዘንድ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚበላ የሚወስነውም፣ ኪኒኑን የሚውጠው ወይም የሚተወውም እሱው ነው። የሚሰጠን ሥልጠና ግን ስለ መመርመሪያና ስለ መድኃኒት ነው። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ፣ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን በስንት እንደሚጀመር፣ ኢንሱሊን መቼ እንደሚጨመር እንማራለን። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ሕመምተኛው «ታዲያ ምን ልብላ?» ብሎ ሲጠይቀን ግን የብዙዎቻችን መልስ «ጣፋጭ ይተዉ፣ እንጀራ ይቀንሱ» ከማለት አያልፍም።

እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት በክትትላችን አሉ። ስኳራቸው አልወርድ ብሎ በየቀጠሮው መድኃኒታቸው ይጨመር ነበር። አንድ ቀን ባልደረባዬ ወንበሯን ወደ እርሳቸው አስጠግታ «እማማ፣ ትናንት ከነቁ ጀምሮ እስኪተኙ የቀመሱትን ሁሉ ይንገሩኝ» አለቻቸው። ለካስ እንጀራ ክልክል ነው ስለተባሉ እርግፍ አድርገው ትተውታል፤ በምትኩ ድንች፣ ዳቦና በማር የታሸ በሶ ይበላሉ። ማሩን «የተፈጥሮ ስለሆነ ምን ያደርጋል?» ብለው ነው። የታዘዙትን በሙሉ ልብ ፈጽመዋል፤ ያጎደልነው እኛ ነን። ያን ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ፣ ጠይቆም ሳይቆጡ መስማት፣ ሊማሩት የሚገባ ሙያ ነው።

በሥልጠና ላይ የሚታየን ሥዕል ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እህል፣ ሩቡ ሥጋ የሆነ ሳህን ነው። እኛ የምንበላው ግን ከአንድ ትሪ ነው፤ ጉርሻም አለ። በቤተሰብ መካከል የተቀመጡ አባት የሳህናቸውን ግማሽ በምን ይለኩታል? «ድርሻዎን አስቀድመው ለብቻ ያውጡ፣ ጎመኑን በእርስዎ በኩል በርከት ያስደርጉ» የሚለውን ቀላል ምክር ያስተማረን የለም። ራሳችን ሕመምተኞቹን ስንጠይቅ ያገኘነው ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የጾም ጊዜ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ ሰዎች ግሊበንክላሚድ የተባለውን የስኳር ኪኒን እንደ ወትሮው ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይውጡታል። ያ ኪኒን ሰው በላም አልበላም ስኳር ያወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ብዥታ ሲመጣ «ጾሙ አድክሞኝ ነው» ብለው ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ለረመዳን የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሕመምተኛው ጾሙ ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ከባለሙያ ጋር እንዲመካከር ያዝዛል። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን የሚስተካከለው ያኔ ነው። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ጾሙን መግደፍ እንደሚገባ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ጠጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት እንደሚያስፈልግ የሚነገረውም ያኔ ነው። እኛ ግን ወሬው የሚደርሰን ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ ነው። «አይጹሙ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ እኛን ላለማስቀየም እሺ ብለው ሄደው የሚጾሙ እንዳሉ አውቃለሁና። የንስሐ አባቶችንና ኢማሞችን በዚህ ሥራ አጋር ማድረግ የሥልጠናው አካል ቢሆን ስንት ሰው እናተርፍ ነበር!

የእግር ምርመራም አለ፤ ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ሊያጠፋ ይችላልና። ጫማና ካልሲ አስወልቆ ማየት በመመሪያ የተጻፈ ቢሆንም በሥራ የሚታየው ከስንት አንድ ነው። መሣሪያ የለም ይባላል። ነገር ግን ሕመምተኛውን ዓይኑን አስጨፍኖ የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በጠቋሚ ጣት ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ቀስ ብሎ ነክቶ «ተሰማዎት?» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ከስድስቱ ሁለቱ ካልተሰሙት እግሩ ስሜት እያጣ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሰል ምድጃ አጠገብ እግሩን ሲያሞቅ ቆዳው ቢቃጠል አይታወቀውም። ይህን ምርመራ በተግባር ለመልመድ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም።

በአገራችን የማይሆን ነገር እየጠየቅሁ አይደለም። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሠልጥነው የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማንን በቅርባቸው መከታተል ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሆስፒታል ሐኪሞች እየሄዱ ይደግፏቸው ነበር። ሕመምተኛው ለቀጠሮ ሩቅ መንገድ ከመጓዝ ድኗል። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. የተከበረው የዓለም የስኳር ሕመም ቀን መሪ ቃሉም ስለ ነርሶች ድርሻ ነበር።

ስለዚህ ሥልጠና የምታቅዱ የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮ ኃላፊዎች ሆይ፣ ሥልጠናው በሆቴል አዳራሽ ከሚሰጥባቸው ቀናት ቢያንስ አንዱን ወደ ክትትል ክፍል አምጡት። ልምድ ያላት ነርስ ሕመምተኛ ስታነጋግር ሠልጣኙ አጠገቧ ተቀምጦ ይይ፤ ቀጥሎ እሱ ያነጋግር፣ እሷ ትረመው። ለሥልጠና የሚላከውም ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ባለሙያ ይሁን፤ ሰርተፊኬቱን ይዞ በተመለሰ ማግስት ወደ ሌላ ክፍል አይዛወር። ቤት ለቤት የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም አትርሷቸው፤ ማዕድ ቤቱን በዓይናቸው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። የሚቀጥለው ዐቢይ ጾምና ረመዳን ከመግባታቸው በፊት ደግሞ፣ ስለ ጾምና ስለ መድኃኒት ሰዓት አንድ ገጽ መመሪያ በየክትትል ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስልን አጥብቄ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ