ክራውን የማን ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ስለ ቤልፋስት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ክራውን ሊከር ሳሉንን ግን «ዝነኛ መጠጥ ቤት» ብላችሁ ብቻ ማለፋችሁ ቆጨኝ።

ቤቱን በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዛሬ በምናውቀው መልክ ያሳመረው ፓትሪክ ፍላኒጋን ነው። በር ያላቸው የእንጨት ክፍሎች አሉት። ገብተህ በሩን ትዘጋለህ፤ አስተናጋጅ መጥሪያ የድሮ ደወልም አለ። ክብሪት የሚጫርባቸው የብረት ሰሌዳዎች እንኳ ከግድግዳው አልተነሱም። መግቢያው ወለል ላይ በጠጠር የተሠራ ዘውድ አለ፤ «ክራውን» ማለትም ዘውድ ነው።

ፊት ለፊቱ ዩሮፓ ሆቴል ነው። በሰሜን አየርላንድ ግጭት ዘመን ሆቴሉ ላይ በተደጋጋሚ ቦምብ ሲፈነዳ ጦሱ ለክራውንም ተርፏል።

ክራውንን በ1978 (እ.ኤ.አ.) ናሽናል ትረስት ገዛው። ይህ ቅርስ የሚጠብቅ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ንግዱን የሚያካሂደው ደግሞ ተከራይ ነው። በጣም የምወደው ይህንን አሠራር ነው። ቤቱ ሙዚየም ሆኖ አልተቆለፈም፣ ለፎቅም አልፈረሰም። ማንም ገብቶ ቢራውን ይጠጣል።

በሚቀጥለው እትም ስለ ባለቤትነቱ ጥቂት መስመር ብትጨምሩ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ