ቮልሷ ዝም አለች ላሉኝ አባቴ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 22 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ አያታቸው ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ እንደሚመጡ ከሰሙ ወዲህ ቀን መቁጠር ሆኗል ሥራቸው።

ይህን የምጽፈው በስልክ ስላሉኝ ነገር ነው። «ቮልሷ ተስተካክላለች፤ ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቷል፤ ቁልቢ ድረስ መንገዱ አይበግራትም» አሉኝ። እርስዎ ደስ ብሎዎት ሲናገሩ እኔ ደነገጥኩ። እዚያው ልነግርዎት ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ የምለውን ግማሹን «አዎ፣ አዎ» እያሉ ያልፉታል፤ በጽሑፍ ይሻላል።

አባባ፣ የእ.ኤ.አ. 1967 ሞዴል ቮልስ ዝም አይልም። ባትሪ ይዤ ከኋላ ጎማው አጠገብ ሳበራልዎት «የሚንቋቋ ቫልቭ አያስፈራም፤ ዝም ያለውን ፍሪ» ይሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት። በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ይንቋቋል፣ ጉልበቷም ትንሽ ይቀንሳል፤ ከዚያ አያልፍም። ክፍተቱ ሲጠፋ ግን ቫልቩ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። ያቺን ከተነፈገ ጠርዙ ይቃጠላል፤ ሲብስም ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ይበሳል። ይህ ደግሞ ጉለሌ ሰፈር ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ላይመጣ ይችላል። የሚመጣው አዋሽ ቆላ ላይ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪ ዳገቱን ስትይዝ ነው። በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የላት፣ ውሃ አይጨምሩላት!

በተለይ ሦስተኛዋን ሲሊንደር ይጠርጥሩ። በእርስዎ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ቆሞ ወደ እሷ የሚሄደውን ነፋስ ይጋርዳል። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ኋላ ያወጣው በ1971 ሞዴል ነው፤ የእኛዋ አልደረሰችበትም።

እርስዎ ግን ከመኪናዋ ሥር አይግቡ። የጎረቤታችን ልጅ ቴክኒክና ሙያ አውቶ ይማር የለ? እሱ ይተኛ፤ እርስዎ በርጩማው ላይ ሆነው ይዘዙት። የዘመኑ ሞተሮች ብዙዎቹ ክፍተታቸውን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ እጁ አልለመደው ይሆናል። ሞተሩ አድሮ ይቀዝቅዝ፤ ጠዋት ሳትነሳ ይጀምሩ። የፑሌጃው ምልክት ከሞተሩ መሐል መጋጠሚያ ጋር ሲገጥምና እሳት የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ ሮተር ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት ሲያይ ተራው የአንደኛዋ ሲሊንደር ነው፤ የቀኝ ፊተኛዋ። ሁለቱም ቫልቮቿ ላይ 0.15 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ፣ ያቺን ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት፣ ያግባ። ትንሽ ያዝ እያደረገ ማለፍ አለበት። ካላለፈ ዳዶውን በ13 ቁልፍ ያላላ፣ በካቻቢቴ ያስተካክል፣ ካቻቢቴውን ሳይለቅ ያጥብቅ፤ ከዚያም እንደገና ይለካ፤ ሲጠብቅ ይሸሻልና። ቀጥሎ ፑሌጃውን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር፣ ሁለተኛዋ፤ እንደዚያው ሦስተኛዋና አራተኛዋ። ለግማሽ ዙሩ ብለው ከፑሌጃው ምልክት በተቃራኒ በኩል በነጭ ቀለም ያደረጉት ምልክት እስካሁን አልጠፋም መሰለኝ። ከመስተካከሉ በፊት የተገኘውን ልክ ግን ልጁ በወረቀት ይጻፍልኝ፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ለምን ቢሉ፣ ፊለር ጌጁ ስምንቱም ላይ ያለ ችግር ከገባ፣ ቮልሷ እንደ ድሮዋ እየተንቋቋች ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ዝም ያለችው እሷ አይደለችም። ይቅር ይበሉኝና አባባ፣ እማዬ ሬዲዮኑ ማዶ ጎረቤት ድረስ ይሰማል ትላለች፤ ባለፈው ሰሞንም በር ስትቆረቁር ቆይታ በመስኮት መጥራቷን ነግራኛለች። ምናልባት ኩክ ነው፤ ሐኪም ቁጭ ብለው የሚያወጡልዎት። ምናልባትም መስሚያ ይፈልግ ይሆናል። የሰውን ሞተር ከሩቅ ሰምተው በሽታውን የሚናገሩት እርስዎ ይህን መስማት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወንድሜ ቅዳሜ እንዲወስድዎት ነግሬዋለሁ። ቫልቮቹ ጠበው ቢገኙም ከእሱ ጋር ይሂዱልኝ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ስለ ቁልቢ፣ ሦስተኛዋ ጠባ ከተገኘች ተስተካክላ ጥቂት ቀን ከተማ ውስጥ ይንዷትና እንደገና ትለካ። ዳግመኛ ከጠበበች ቫልቩ እየተለጠጠ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው፤ ቫልቮቹን የያዘው ቴስታታ ወርዶ ሳይታይ ረጅም መንገድ አይታሰብም። ያን ጊዜ በአውቶቡስ ይምጡ፤ ድሬዳዋ መናኸሪያ ቆሜ እቀበልዎታለሁ፤ ቁልቢም አብረን እንወጣለን። የቫልቭ ክዳኖቹን ጓርኒሲዮን አዲስ ገዝቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬአለሁ፤ አሮጌውን መልሰው እንዳይገጥሙት፤ ዘይት ያንጠባጥባል።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ