የትኛው ሳይፈር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኔትወርክ ደህንነት ስትጽፉ ደስ ብሎኝ አነባለሁ፤ ግን አንድ ነገር ሁሌ ይቀራል። «ግንኙነታችን ኢንክሪፕት ተደርጓል» ሲባል በየትኛው ሳይፈር (መረጃው በሚመሰጠርበት ስልት) ብሎ የሚጠይቅ የለም። በምሠራበት ቦታ አንድ የቆየ ሰርቨር ነበረ። ሁላችንም ደህና ነው ብለን አምነን ተቀምጠን፣ አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ስፈትሸው ለካ አሁንም አር ሲ 4 የሚባለውን ደካማ ሳይፈር ይቀበላል። አር ሲ 4 እኮ በቲ ኤል ኤስ (የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚመሰጥረው ፕሮቶኮል) ውስጥ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው! በጣም ነው የደነገጥኩት።

ማየቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ባለበት ማሽን «ሳይፈርስ» (openssl ciphers) የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ብቻ ነው፣ ዝርዝሩ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ጋ ነው፦ ዝርዝሩ ላይ ስሙ የተጻፈ ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም የተፈቀደው የፕሮቶኮል ቨርዥንና የሴኩሪቲ ደረጃው የሚያስቀሯቸው አሉ። ትእዛዙ ላይ ትንሿን «ኤስ» (-s) ጨምሩበት፤ ያኔ በእርግጥ የሚያገለግሉት ብቻ ይቀራሉ። የቲ ኤል ኤስ 1.3 ሳይፈሮች ደግሞ ለብቻቸው ነው የሚስተካከሉት። የቀደሙትን ቨርዥኖች የሳይፈር ዝርዝር ብትቀይሩ እነሱ ንቅንቅ አይሉም። ይሄን ባለማወቅ ስንት ሰዓት እንዳባከንኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በፓይተን ፕሮግራም የምትጽፉም ብትሆኑ ከቨርዥን 3.6 ጀምሮ የሳይፈሮቹን ዝርዝር የሚያወጣ «ጌት ሳይፈርስ» (get_ciphers) አለላችሁ። ይህ ሁሉ ግን የራሳችሁን ማሽን ነው የሚነግራችሁ። ሰርቨሩ የሚቀበለውን ለማወቅ ራሱን ሰርቨሩን በየሳይፈሩ እየሞከሩ መጠየቅ ነው። እባካችሁ አንድ ዓምድ ስጡት።

የዘወትር አንባቢያችሁ